ያልተጨበጠው እጅ

አባቴ ታመው ከቆላ የተመለሱት የገብሱ አጨዳ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነበር። የእኅታቸው ባል ሞቶ ለለቅሶ ሊማሊሞን ወርደው፣ ከአዲ አርቃይ ወዲያ ባለ የቆላ መንደር ሦስት ሳምንት ያህል ከርመዋል። እኅታቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራት፣ ማሽላዋን ሳይሰበስቡላት ለመመለስ ሆዳቸው አልቻለም። ሲሄዱ በእግራቸው ነበር። ሲመለሱ ግን አንድ የጭነት መኪና ጆንያ ላይ አስቀምጦ ደባርቅ አደረሳቸው፤ ከደባርቅ እኛ መንደር ድረስ ደግሞ የአንድ ዘመድ በቅሎ አመጣቻቸው። ከበቅሎዋ ሲወርዱ ደጅ ቆሜ አይቻለሁ። እግራቸው መሬት ሲነካ ፊታቸው ጭምድድ አለ፤ ድምፅ ግን አላሰሙም።

ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከስድሳ ትንሽ አለፍ ብሏል። መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ ተራራው በኩል ገባ ያለች፣ ነፋስ የማይለያት የገብስና የባቄላ አገር ናት። በዚያ አገር አባቴ ጠዋት የጠመዱትን በሬ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የማይፈቱ፣ ነዶ ሲሸከሙ ጎረምሳ የማይቀድማቸው ሰው ነበሩ። ሰው ሲያደንቃቸው፣ ጉልበት የእግዜር ውሰት ነው እያሉ ያልፉ ነበር።

ትኩሳቱ አራት ቀን ቆየ። ደረታቸውና ክንዳቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ዓይናቸው ብርሃን ጠላ። መንደርተኛው ሁሉ ወባ ነው፣ የቆላ ንዳድ ነው አለ። እኔም ዳባት ሄጄ የወባ ክኒን አመጣሁ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። እናቴ አጥሚት ሠርታ አጠጣቻቸው፤ ጎረቤቱም እንኳን እግዜር ማረዎ እያለ ገባ ወጣ። በሽታው የሄደ መስሎን ነበር። የሄደው ትኩሳቱ ብቻ ነበር።

እኔ በዚያ ዘመን የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ነበርኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በመማሬ፣ በመንደሩ ውስጥ ከእኔ ሌላ ብዕር የሚያነሣ ብዙ ሰው አልነበረም። አብዮቱ መሬቱን ካከፋፈለ፣ ማኅበሩንም ካቋቋመ በኋላ ስብሰባ የሌለበት ሳምንት አልነበረም። እኔ ስም እጠራለሁ፣ የመጣና የቀረውን እለያለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አዲስ ያገባሁ ነኝ፤ ጎጆዬም ከአባቴ ቤት ጎን፣ በአንድ አጥር ውስጥ ናት። ይህን የምናገረው በአንድ አጥር ውስጥ እየኖርኩ የአባቴን ሕመም ልክ ያወቅሁት ዘግይቼ መሆኑን ላለመደበቅ ነው።

እኔ የማየው ይህን ያህል ነበር። አባቴ እንደ ድሮው ጎሕ ሲቀድ አይወጡም። ፀሐይዋ ግድግዳውን ካሞቀች በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወጡና ከቤቱ ፊት ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጣሉ። አቀማመጣቸው ተለውጦ ነበር። መጀመሪያ ጀርባቸውን ለግድግዳው ይሰጣሉ፤ ከዚያ እየተንሸራተቱ፣ ጉልበታቸው ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ለማጠፍ ይሞክራሉ። ጣቶቹ ከማበጣቸው የተነሣ በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ሽብሽብ ጠፍቶ ነበር፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። አንዳንድ ቀን ሁለቱ ጣቶች ይታጠፉና ሌሎቹ ይቀራሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሰውነታቸው ይፈታል፤ ይነሡና ወደ በሬዎቹ ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ ያገኛቸው ሰው ድነዋል ይላል። አመሻሽ ላይ ብርዱ ሲመለስ ሕመሙም አብሮት ይመለሳል።

የሚገርመው ሕመሙ አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። ዛሬ የእጃቸውን አንጓ ይዞ የዋለው ነገ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ይገኛል፤ ከነገ ወዲያ ትከሻቸው ላይ። ማደሪያ እንዳጣ እንግዳ ቤት ለቤት ይዞራል ይሉ ነበር። ቁስል ቢሆን ሰው አይቶ ያዝናል፤ ስብራት ቢሆን ወጌሻ ያስረዋል። ይህ ግን የሚታይ ነገር የለውም። እንዲያውም ፊታቸው ወዝ ነበረው። ስለዚህ መንደሩ ቀስ በቀስ፣ በክፋት ሳይሆን በመሰልቸት፣ አባቴ ሥራ ጠሉ ማለት ጀመረ። በሃምሳ ዓመት ሥራ ያልጠላ ሰው በአንድ በጋ እንዴት ይጠላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ጠበል ተጠመቁ፤ ውኃው እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ስለነበር ሦስት ቀን ተኝተው ሰነበቱ። ትከሻቸውን ዋገምት አስያዙ። አንድ ወጌሻ መጥቶ አጥንቱ ተሳስቷል ብሎ ጣቶቻቸውን በየተራ ጎተታቸው፤ ያን ቀን አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያቃስቱ ሰማሁ። በቤተ ክርስቲያን መስገድ ስላልቻሉ የነፍስ አባታቸው ቆመው እንዲጸልዩ ፈቀዱላቸው። ይህ ከሕመሙ ይልቅ አሳዘናቸው። ከዝክርና ከማኅበር ቤትም ቀሩ። ሆዴን አልተመቸኝም ይሉ ነበር፤ እውነቱ ግን እንጀራ ለመቁረስ ጣታቸው እንቢ ማለቱ ነው። ቤት ውስጥ እናቴ አስቀድማ ትቆርስላቸዋለች። ሰው ፊት ማን ይቆርስላቸዋል?

ፋሲካ ካለፈ በኋላ የእርሻው ወራት ሲቃረብ፣ ማረሻውን ለማሳል ከአባቴ ጋር ወደ ቀጥቃጩ ወረድን። ቀጥቃጩ ከወንዙ ማዶ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር ነበሩ፤ ያን ጊዜ እኛ የመንደሩን ሰዎች ደስ በማይላቸው ስም ነበር የምንጠራቸው። ሽማግሌው ከአባቴ ጋር እኩያ ናቸው፤ የአባቴን ማረሻ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሠሩት እርሳቸው ናቸው። አባቴ ማረሻውን ሲያቀብሉ በሁለት መዳፋቸው መሐል አድርገው እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። ሽማግሌው ማረሻውን ትተው የአባቴን እጅ አዩ።  መዶሻቸውን አንሥተው እጀታውን አሳዩን፤ በቆዳ ላይ ቆዳ ተጠቅልሎ ወፍሯል። የእርሳቸውም እጅ ካረጀ ወዲህ ቀጭን ነገር አልይዝ ብሎ ነበር።

"እጅህ ወደ እንጨቱ ካልመጣ፣ እንጨቱ ወደ እጅህ ይምጣ" አሉ።

በማግስቱ እርፉን ይዤላቸው ሄድኩ። ሽማግሌው እርጥብ የበሬ ቆዳ እየደራረቡ ጠቅልለውበት፣ ሁለት እጥፍ ሆኖ ወፈረ። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። አባቴ በግማሽ በተጨበጠ መዳፍ ሊይዙት ቻሉ። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ያርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እየተነጫነጭኩ አርሳለሁ። ለእኔ ያን ጊዜ ብዕር እንጂ እርፍ ሥራ አይመስለኝም ነበር።

ሰኔ ገብቶ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ መንደሩን መሸፈን በጀመረበት ሰሞን፣ ከደባርቅ ከአውራጃው አንድ ካድሬ መጣ። ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። ስብሰባው ጠዋት በሁለት ሰዓት ተጠራ። ለአባቴ ከቀኑ ሁሉ የከፋው ሰዓት ያ ነው። ሳሩ ጤዛ እንዳዘለ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ንግግሩ ረዘመ። ሲያልቅ ለመፈክር ተነሡ ተባለ፤ አባቴ መነሣት አቅቷቸው ሁለት ሰዎች በብብታቸው ገብተው አነሷቸው። ከዚያ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ዘረጋ። እኔም በቀኝ እጄ ደብተሩን ይዤ ግራዬን አነሣሁ።

የአባቴ ግራ እጅ እስከ ደረታቸው መጣና ቆመ። ጣቶቻቸው አልተጨበጡም፤ ግማሽ ተዘርግተው ግማሽ ታጥፈው፣ መዳፋቸው ወደ ሰው ዞሮ ነበር። ይበቃል ብለው ሰውን የሚያስቆሙ ይመስሉ ነበር። ካድሬው አያቸውና መፈክሩን አቋረጠ።

"ጓድ፣ አንተ ሽማግሌው። እጅህ ምን ሆነ?"

ከዕድሜ እኩዮቻቸው በቀር አባቴን አንተ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ ልጃቸው አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት። አባቴ እጃቸውን አዩት፤ ከዚያ ወጣቱን አዩት።

"አልታዘዝ ብሎኛል" አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ነው ነገሩን ያበላሸው፤ ካድሬው የተቀለደበት መሰለው። ከሕዝቡ መሐል አንድ ደግ ሰው ሊያግዛቸው ብሎ፣ ጌታዬ፣ ሰውየው ቆላ ከርመው ከመጡ ወዲህ እንዲህ ሆነው ነው አለ። ይህ ደግሞ ባሰ። በዚያ ዓመት ቆላው ወንበዴ ገብቶበታል ይባል ነበር። ከቆላ የመጣና እጁን የማያነሣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ካድሬ መሆን አያስፈልግም። ሊቀመንበራችን መሬት መሬት አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው።

ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ፣ ግራ እጁን አላነሣም ብለህ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ስለታመሙ የሚለውን ቃል ለመጨመር በመስመሩ ላይ በቂ ቦታ ነበር። ብዕሬም ቀለም ነበረው። አልጨመርኩም። አባቴ ናቸው ብዬም አልተናገርኩም። ካድሬው ደብተሩን ወስዶ አነበበና መለሰልኝ፤ አባቴም በመጪው የገበያ ቀን ደባርቅ ቢሮ ድረስ ቀርበው ቃላቸውን እንዲሰጡ አዘዘ።

በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ የተጣላ ሰው የለም።  አባቴ የጠየቁኝ መቼ እንደሚሄዱ ብቻ ነበር።

የገበያው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ከመንደራችን ደባርቅ በእኔ እግር ሁለት ሰዓት ተኩል አይፈጅም። በቅሎ ልለምን ብል አባቴ እንቢ አሉ፤ ከዚያ ከቆላ ከመጡበት ቀን ወዲህ በቅሎ ላይ መቀመጥ ወገባቸውን ይገነጥለው ነበር፤ ልጓም መጨበጥም አይችሉም። በእግራችን ሄድን። ያን መንገድ ሺህ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ዳገትና ቁልቁለቱን የቆጠርኩት ግን ያን ዕለት ነው። ዳገቱ አልከበዳቸውም። ቁልቁለቱ ነው የገደላቸው። ጎናቸውን ሰጥተው፣ አንድ እግር አስቀድመው ሌላውን እየጎተቱ፣ እንደ ሸርጣን ይወርዳሉ። በየመቶ እርምጃው ቆመው አገር የሚያዩ ይመስላሉ። እኔ እንዳላፍርባቸው ነው፤ ይህም የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከወንዙ ስንደርስ ቆሙ። ዘወር አሉ፤ ተመለሱ። አንድ ጊዜ ወደ ቁጥቋጦው አዩ፤ አንድ ጊዜ ወደ እኔ። ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ፣

"ልጄ፣ ና እስቲ ይህን ፍታልኝ" አሉ።

የሱሪያቸው ማሰሪያ ነበር። እናቴ መንገዱ ሩቅ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች። ተንበርክኬ ፈታሁት። መቀመጥ ስለማይችሉ በአንድ እጃቸው አንገቴን፣ በሌላው ክንዳቸው አጠገባችን የነበረ የግራር ቅርንጫፍ ተደግፈው ዝቅ አሉ። እኔ ፊቴን ወደ ተራራው አዞርኩ። ጉሙ ከቡይት ራስ በላይ እየተገፈፈ ነበር። ሲጨርሱ አንሥቼ መልሼ አሰርኩላቸው።

"ሁልጊዜ ማነው የሚያስርልዎ?" አልኩ።

"እናትህ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣሁ ጀምሮ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ?" አሉ። "ሱሪዬን እሰርልኝ ብዬ?"

ቀስ እያልን ስንሄድ የቀረውን ነገሩኝ። ጎሕ ሳይቀድ እናቴ ተነሥታ ድንጋይ ታሞቃለች፤ በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበታቸውና እጃቸው ላይ ታደርግላቸዋለች። ፊታቸውን ታጥባቸዋለች። ጎን ለጎን ተኝተው መገላበጥ ሲያቅታቸው በትከሻዋ ገፍታ ታገላብጣቸዋለች። ከጎጆዬ ስወጣ የማያቸው መደቡ ላይ የተቀመጡ ሰው፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ የሁለት ሰው የሁለት ሰዓት ሥራ የወጣባቸው ነበሩ። ሰባት ወር ሙሉ ይህ ሁሉ በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ሲሆን እኔ አላወቅሁም።

ደባርቅ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። ወደ ቢሮው ከመሄዳችን በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ አልን፤ የሐኪም ወረቀት ከሌለ ማን ያምነናል ብዬ። የተቀበለን ጤና ረዳት ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። እጃቸውን አልጎተተም። ከሥር ደግፎ ያዘውና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ነካ። ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ሽፍታ እንደነበረ፣ ጠዋት ለመፍታታት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ጠየቀ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው የመጀመሪያው ሰው ስለነበር አባቴ እንደ ንስሐ ሁሉንም ነገሩት።

ወባ አይደለም አለ። ከቆላ እንዲህ ሆነው የመጡ ሌሎችም ማየቱን ነገረን፤ ወጣቶቹ በሁለት በሦስት ሳምንት ተነሥተው ይሄዳሉ፣ በዕድሜ የገፉት ላይ ግን ትኩሳቱ ሲወጣ ሕመሙ መገጣጠሚያ ውስጥ ይቀራል አለ። ለምን እንደሚቀር በትክክል አላውቅም ብሎ አመነ። ይህን ማመኑ ነው እኔን ያሳመነኝ።

"ይድናል?" አሉ አባቴ።

"ይቀንሳል" አለ ሰውየው። "መቼ ብለው አይጠይቁኝ። ግን አይተኙበት። ፀሐይ ሲሞቅ ያንቀሳቅሱት፤ ሲደክምዎ ይረፉ። ያሞኛል ሲሉ ያላመነዎ ሰው ካለ፣ ሕመሙ የእርስዎ ነው፤ ምስክር አያስፈልገውም።"

ክኒን ሰጣቸው፤ ከምግብ በኋላ ብቻ እንዲወስዱ አጥብቆ ነገራቸው። ከዚያ ወረቀቱን ሊጽፍ ብዕር አነሣ። የት ነው የያዘዎ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ቆላ ነው፣ እውነቱን ጻፍ አሉት። እኔ ደነገጥኩ፤ ምን ዓይነት ስብሰባ እንዳመጣን በሹክሹክታ ነገርኩት። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ።

"እኔ ሕመሙን ነው የምጽፈው" አለ። "መንገዱን አይደለም።"

ሦስት መስመር ጽፎ ማኅተም መታበት።

ካድሬው ቢሮ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተከምሮ ነበር። የጤና ጣቢያውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው። አባቴ እጃቸውን እንዲጨብጡ ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን ሁለቱን እጆቻቸውን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን እብጠቱ በደንብ ይታይ ነበር። ወጣቱ እጁን ዘርግቶ አንዱን መገጣጠሚያ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሣ የተጫነበት ቦታ ጎድጉዶ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ቶሎም አልተመለሰም። የአባቴ ዓይን እንባ ሞላ፤ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም። ወጣቱ ጎድጓዳውን እስኪሞላ ድረስ ሲያየው ቆየ።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አሞኛል አላልክም?" አለ።

"እርስዎ የጠየቁኝ እጅህ ምን ሆነ ብለው ነው" አሉ አባቴ። "የሆነውን ነገርኩዎ።"

 ካድሬው ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ጻፈበት፤ ማኅተሙንም መታ። ሲመልስላቸው፣ "ይያዙት፤ በየስብሰባው ያሳዩ" አላቸው። አንተ ማለቱን የተወ መሆኑን ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። ስለ ቆላ አንድም ነገር ሳይጠይቅ አሰናበተን። ውጭ ወጥቼ አነበብኩት፦ ግለሰቡ በሕመም ምክንያት በስብሰባ ላይ እጅ ከማንሣት ነጻ ናቸው ይላል።

በመልሱ መንገድ ዝናብ ያዘንና አንድ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ውስጥ ተጠለልን። እዚያ ነው ስለ ቃለ ጉባኤው የነገርኳቸው። ካድሬው ጻፍ ሲለኝ መታመማቸውን ማስገባት እችል እንደነበር፣ እንዳላስገባሁም ነገርኳቸው። አባቴ እጃቸውን በብብታቸው ሥር አሙቀው ዝናቡን ሲያዩ ነበር።

"የጻፍከው ውሸት አይደለም" አሉ። "እጄን አላነሣሁም።"

"አመመዎ እንጂ።"

"አዎ አመመኝ።" እጃቸውን ከብብታቸው አውጥተው አዩት። "ግን ደኅና ቢሆንስ ኖሮ አነሣው እንደነበር ታውቃለህ?"

አላውቅም አልኩ።

"እኔም አላውቅ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አንሥተን አናውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በነበረው ስብሰባ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ሁሉም ሲነሣ እርሳቸው እንደተቀመጡ ቆዩ። ስብሰባው ሲበተን ሁለት ሽማግሌዎች ወደ እኔ ተጠግተው፣ እነርሱንም ትከሻቸውን እየወጋቸው መሆኑን ነግረው፣ እንዲህ ያለ ማኅተም የት እንደሚገኝ በዝግታ ጠየቁኝ። ለአባቴ ስነግራቸው ከቆላ ከተመለሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ፤ ሲስቁም ጎድናቸው አመማቸው።

ሕመሙ በወረቀት አልሄደም። ያ ክረምት ከሁሉ የከፋ ነበር፤ በረዶ በጣለ ቁጥር የእጃቸው አንጓ ከበረዶው አስቀድሞ ይነግራቸዋል። በጾም ወራት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ክኒኑ ከምግብ በኋላ ነው፤ አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። የነፍስ አባታቸው ለታመመ ይፈቀዳል ቢሉም አልሆነላቸውም። ጠዋቱን ያለ መድኃኒት ይችሉትና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይወስዳሉ። እኔ ከወንዙ ዳር ከነገሩኝ ቀን ማግስት ጀምሮ ጠዋት ቀድሜ እየተነሣሁ ድንጋዩን አሞቃለሁ። እናቴ መጀመሪያ ከእጄ ልትወስድ ታገለችኝ፤ በኋላ ተወችው፤ ያን ሰዓት መተኛት እንደጀመረች ስመለከት ለሰባት ወር ያልተኛች ሴት መሆኗን አወቅሁ።

እርሻውንም ያዝኩ። አባቴ በጥቅል እርፋቸው አቅማቸው የቻለውን ያህል ካረሱ በኋላ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ትልሜን ያርማሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ቆዳው ተተልትሎ ላሳድሰው ወደ ቀጥቃጩ ወረድኩ፤ ወናፉ የለም፣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ቤቱ ባዶ ነው። መንደሩ በሙሉ በእግር ወደ ሱዳን ሄዷል አሉኝ። የእርሳቸውን ያረጁ ጉልበቶች በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ላይ እያሰብኩ ተመለስኩ። ለአባቴ ስነግራቸው ወደ ወንዙ ማዶ እያዩ፣ ሳይሰናበተኝ አሉ። ቆዳውን እኔው እንደነገሩ ጠቀለልኩት።

አንድ ያላሰብነው ነገርም መጣ። አባቴ ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ እንደማይታጡ መንደሩ ስላወቀ፣ የተጣላ ሁሉ ወደዚያ ይመጣ ጀመር። ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፉ፣ በውርስ የተቃቃሩ ወንድማማቾች። አባቴ ጤነኛ ሳሉ ለሽምግልና የሚሆን ትዕግሥት አልነበራቸውም፤ ቶሎ ፈርደው ወደ በሬያቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። አሁን ግን እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል የትም አይሄዱም። ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉና እየዘረጉ ይሰማሉ። ሰው ንግግሩን እስኪጨርስ የሚጠብቁት ደግነት ይዟቸው ይሁን ወይስ መነሣት ስለማይችሉ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ነው አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ሕመሙ መቅለል ጀመረ። የቀን ብዛት ሳይሆን የሰዓት ብዛት ነው የቀነሰው፤ ጠዋት ሰውነታቸው የሚፈታበት ሰዓት ከሦስት ተኩል ወደ ሦስት፣ ከዚያም ወደ ሁለት ተኩል ቀደመ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። አንድ ጠዋት ሱሪያቸውን ራሳቸው አስረው ወጡ። ቋጠሮው የላላ ነበር፤ እናቴ አይታ አላጠበቀችውም፤ እኔም እናቴን አይቼ አልነካሁትም።

በአራተኛው ዓመት መስከረም ሲጠባ፣ አንድ የገበያ ቀን ለማንም ሳይናገሩ ብቻቸውን ዳባት ሄዱ። እግራቸው ካበጠ ወዲህ ሙሉ ጫማ አድርገው አያውቁም ነበር፤ አሮጌ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማቸውን ጎኑን ሰንጥቀንላቸው እንደ ነጠላ ጫማ ነበር የሚጎትቱት። ቀኑን ሙሉ ስንፈልጋቸው ውለን፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል በታችኛው መንገድ ብቅ አሉ። በዱላ ይራመዳሉ፤ ግን ጎናቸውን አልሰጡም፤ ፊት ለፊት ነው የሚመጡት። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። አዲስ ጥቁር ኮንጎ እግራቸው ላይ አለ፤ ጎኑ አልተሰነጠቀም።

እናቴ ተንበርክካ ጫማውን ከእግራቸው ስታወልቅ እንዳመማቸው ጠየቀቻቸው።

"በደንብ አመመኝ" አሉ። "ዳባት ግን ደርሼ መጣሁ።"

በማግስቱ እስከ ቀትር ከመኝታቸው አልተነሡም። ለዳኝነት የመጡ ሁለት ሰዎች ደጅ ላይ ሲጠብቁ ዋሉ፤ እናቴ ግን አልቀሰቀሰቻቸውም።